ከምሳ በኋላ እንጨት ቤት ነው

እንደምን ዋላችሁ! በዚህ ፀሐይ ታክሲ ተጋፍታችሁ ማገገሚያችን ድረስ ልጆቻችሁን ልትጠይቁ ስለመጣችሁ እናመሰግናለን። ቡናው እየፈላ ስለሆነ አላስረዝመውም።

ሁልጊዜ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር አለ። «ልጄ ከሱስ ሊወጣ ነው የገባው፣ አናጺነቱ ምንድን ነው? ፊደሉስ?» ትሉኛላችሁ። እሺ፣ ከምሳ በኋላ ያለውን ሰዓት አስቡት። ጫት የለመደ ልጅ ጠዋት ደህና ነው። ሰባት ሰዓት አለፍ ሲል ግን ሀራራው ይመጣል፤ ያዛጋል፣ ይነጫነጫል፣ በሆነ ባልሆነው ይጣላል። ያ ሰዓት እኮ ለዓመታት የበርጫ፣ የጫት መቃሚያ ሰዓት ነበር፣ ከዚያ ጨብሲው፣ ምርቃናውን የሚሰብርበት መጠጥ ይከተላል። ሰዓቱን ባዶ ትቶ «አይዞህ፣ ጠንክር» ማለት ምን ይጠቅመዋል? ስለዚህ እንጨት ሥራውን ሆን ብለን ከሰዓት አደረግነው። አዲስ የገባ ልጅ መጋዝ አይነካም፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ አለ፣ መድኃኒት የሚያፈዘው አለ። እሱ በማለስለስና ቀለም በመቀባት ይጀምራል።

ፊደሉ ደግሞ እዚያው ሥራው ውስጥ ነው ያለው። እጁ ወርቅ የሆነ፣ ግን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ ልጅ አለን። ሲኦሲ፣ ማለትም የሙያ ብቃት ምዘና ሲቀመጥ የተግባሩን ቢያልፍ የጽሑፉ ፈተና ይጠብቀዋል። ስለዚህ የአንድ ቁም ሳጥን ዋጋ እናሰላለን፦ ጣውላው ስንት፣ ኮላው ስንት፣ ጉልበቱ ስንት። ሰሌዳ ላይ አልገባ ያለው ክፍልፋይ ሜትር ሲይዝ ይገባዋል።

ትልቅ ሰው ሆኖ ሀ ሁ ማለት ግን ያሳፍራል፣ አስተማሪ ፊት ደግሞ ይብሳል። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ እንደ ፈረንጆቹ ከ1971 ጀምሮ የሚሠራ ደላንሲ ስትሪት የሚባል ቤት አለ። ከሱስና ከእስር የመጡ ሰዎች ቢያንስ 2 ዓመት አብረው ይኖሩበታል፤ የተሻለ የሚያነብ ከእሱ በታች ያለውን ያስተምራል፣ ሲወጡ 3 ሙያ ይዘው እንዲወጡ ነው የሚፈለገው፣ ወጪያቸውንም በአብዛኛው እንደ ዕቃ ማጓጓዝ ካሉ ከራሳቸው ሥራዎች ይሸፍናሉ። ባሕሩ ዳር ያለውን ትልቁን ሕንፃ እንኳ ነዋሪዎቹ ናቸው የሠሩት! የእኛ አቅም እዚያ አይደርስም። እርስ በርስ መማማሩን ግን ወስደናል፣ ገንዘብም አይጠይቅም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፣ እንዳትቀየሙኝ። ልጁ ትንሽ ወፈር ሲል፣ ፊቱ ሲጠራ፣ «አማረበት፣ ይበቃዋል» ብላችሁ ይዛችሁት አትሂዱ። ሙያው ግማሽ ላይ ከተቆረጠ የሚመለሰው እዚያው ሥራ ፈትቶ የሚውልበት ሰፈር ነው። የመጀመሪያ ደሞዙን የሚቀበልበት ቀን ደግሞ ከሁሉም ያስፈራኛል፤ ኪሱ ብር ሲገባ የድሮ ጓደኞቹ ቀድመው ይሰማሉ። የዚያን ቀን ከእናንተ አንዱ አብሮት ባንክ ይሂድ።

የእንጨትም የብረታ ብረትም ቤት ያላችሁ ካላችሁ፣ አንድ ልጅ ለተግባር ልምምድ ተቀበሉን። በር ላይ መዝገብ አለ፣ ስልካችሁን ጽፋችሁ ውጡ።