«ራሴን» ብላ ስትገባ፦ የዓመታዊ ጉባኤያችን የመክፈቻ ንግግር

ክቡራን እንግዶቻችን፣ የማኅበራችን አባላት፣ ከመንዝ፣ ከአንኮበር፣ ከሸዋ ሮቢትና ከዓለም ከተማ የመጣችሁ የጤና ባለሙያዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የደብረ ብርሃን ብርድ ቆላ ለለመደ ሰው አይቻልም። ጋቢ ይዞ የመጣ ብልህ ነው። መንገዱ አልመች ብሏቸው የቀሩም አሉ። ጽሑፋቸውን በስልክ ልከውልናል፤ እናነብላቸዋለን።

የዘንድሮውን ርዕስ ስንመርጥ ኮሚቴው ውስጥ ሳቅ ነበር። «ራስ ምታትና የትከሻ ጉዳት? ይሄ ደግሞ ምኑ ይጠናል?» ያለ ሰው ነበር። ስሙን አልናገርም፣ እዚሁ ተቀምጧል። ግን የገበያ ቀን ጤና ጣቢያ የዋለ ሁሉ ያውቀዋል። አንዷ «ራሴን» ብላ ትገባለች። ሌላው ትከሻውን ደግፎ ይገባል። እኛም ካርዱ ላይ «ራስ ምታት» ብለን እንጽፍና ፓራሲታሞል እናዛለን። አለቀ። የዓመቱን መዝገብ ብታገላብጡ ምን ዓይነት ራስ ምታት እንደነበር የሚናገር መስመር አታገኙም። ያልተጻፈ ነገር ደግሞ አይጠናም።

በአገራችን የቆጠሩ አሉ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በፈረንጆቹ 1995 ባሳተሙት ጥናት 15,500 የገጠር ነዋሪዎችን አይተው ማይግሬን፣ ማለትም እየተመላለሰ የሚነሳ ከባድ ራስ ምታት፣ ያለበት ከመቶ 3 ሰው ነው አሉ። እሳቸው የተሳተፉበት ሌላ ጥናት በ2016 ሲወጣ ደግሞ ቁጥሩ 17.7 በመቶ ሆነ። ከ3 ወደ 17.7! በሃያ ዓመት ውስጥ በሽታው ይህን ያህል ተባዛ ብዬ አላምንም። ለእኔ የሚመስለኝ የአጠያየቁ ልዩነት ነው። ራስ ምታት በራጅ አይታይ፣ በደም ምርመራ አይገኝ። ያለን መሣሪያ ጥያቄ ብቻ ነው።

ማይግሬንን ለመለየት የሚጠየቀው ጥያቄ ደግሞ ከባድ አይደለም። ሳይታከም ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል ወይ? አንድ ጎን ነው? እንደ ልብ ምት ይመታል? ሲራመዱ ይብሳል? ያቅለሸልሻል? ብርሃንና ድምፅ ያስጠላል? እናቶቻችን ይህን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነግሩናል። «ምች መታኝ፣ ዳማከሴ አሽቼ፣ ሻሼን ጠበቅ አድርጌ አስሬ፣ ጨለማ ቤት ተኛሁ» ትላለች። ጨለማ ቤት መተኛቷን ሰምቶ ያልጠየቀ ሐኪም ምርመራውን አሳልፎታል። ማይግሬን ሴቶችን ከወንዶች ሁለት ሦስት እጥፍ እንደሚያጠቃም አትርሱ።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ወጣት ሳለሁ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ አንዲት ሴት በየሁለት ሳምንቱ ትመጣ ነበር። በመጣች ቁጥር ማስታገሻ አዝላታለሁ፤ ሲያልቅባት ከሱቅ ትገዛለች። ራስ ምታቷ ግን በየቀኑ ሆነ። እኔም መጠኑን ጨመርኩላት። ቀላል ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር ላለፈ ጊዜ ሲወሰድ መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። ቅልቅል ከሆኑት ማስታገሻዎች ደግሞ በወር 10 ቀን መውሰድም ሕመሙን ለማምጣት ይበቃል። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ፕሮፕራኖሎልና አሚትሪፕቲሊን የሚባሉት መድኃኒቶች ርካሽ ናቸው፤ ማይግሬኑ እንዳይመላለስ ይከላከላሉ። አስም ላለበት ሰው ግን ፕሮፕራኖሎል እንዳትሰጡ።

አሁን ወደምወደው ጥያቄ ልምጣ፤ ቡና። ቡና የለመደ ሰው ሲያቋርጥ ራስ ምታቱ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምራል። ሁዳዴን የሚጾም ሰው ማታ 1 ሰዓት ላይ የመጨረሻዋን ሲኒ ጠጥቶ እስከ ቀን 9 ሰዓት ሲቆይ 20 ሰዓት ሞላው ማለት ነው። ሁዳዴ በገባ ሰሞን «ጾሙ ራሴን አመመኝ» ሲለን ጾሙ ነው ወይስ ቡናው? ረመዳን ለሚጾሙትም ጥያቄው ያው ነው። ይህን ለማጥናት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የመጨረሻዋን ሲኒ ሰዓትና ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት መጻፍ በቂ መነሻ ነው። ከእኛ የተሻለ ይህን ሊያጠና የሚችል ማን አለ? ቡናው የኛ፣ ጾሙ የኛ።

ትከሻ ላይ አጠር ላድርግ። ወጌሻን መዝለፍ ይቀናናል። አጥብቆ በማሰር እጅ ያስቆረጠ እንዳለ ሁላችንም አይተናል። ግን ከበቅሎ የወደቀ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እሱ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ ሦስት ወጌሾች ጋብዘናል፤ የፊት ወንበር ላይ ናቸው። ከሰዓት በኋላ ይናገራሉ፣ እኛ እንሰማለን።

ደግሞስ እኛ መቼ ከስህተት ነጻ ሆንን? አንድ የሚጥል በሽታ ያለበት ወጣት ትከሻዬን ብሎ መጣ። ራጁ ደህና መሰለኝ። ዲክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ ሰጥቼ ሸኘሁት። ውልቃቱ ወደ ኋላ ነበር። እንዲህ ያለው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ወደ ፊት ነው የሚወልቀው። ወደ ኋላ የወለቀው ፊት ለፊት በተነሳ ራጅ ሊያመልጥ ይችላል። በሽታው ከጣለው ወይም ኤሌክትሪክ ከያዘው በኋላ ክንዱን ወደ ውጭ ማዞር ያቃተው ሰው ካያችሁ ከጎን የተነሳ ራጅ ጠይቁ።

ከውጭ የመጡ ሁለት ጥናቶችንም ዛሬ እናነባለን። ሁለቱም የእንግሊዝ ናቸው። በፈረንጆቹ 2015 የወጣው የላይኛው ክንድ አጥንታቸው ትከሻ አጠገብ ተሰብሮ ከቦታው የተንሸራተተ 250 ሰዎችን ግማሹን ቀዶ ሕክምና፣ ግማሹን ማንጠልጠያ ሰጥቶ ተከታተለ። በሁለት ዓመት ውስጥ ልዩነት አልታየም። ሌላው በትከሻ ሕመም የሚሠቃዩ 313 ሰዎችን ወሰደ። አንዱ ቡድን ከትከሻ ጫፍ ሥር አጥንት የሚፋቅበት ቀዶ ሕክምና ተሠራለት። ሁለተኛው ትከሻው በካሜራ ታይቶ ምንም ሳይነካ ተዘጋ። ሦስተኛው አልተነካም። እውነተኛው ቀዶ ሕክምና ከማስመሰያው አልበለጠም። እኔ ይህን ሳነብ ያሰብኩት ስብራት ይዘው አዲስ አበባ ድረስ 130 ኪሎ ሜትር የምንልካቸውን አሮጊቶች ነው። ላም ሸጠው የሚሄዱ አሉ። ስብራቱ ከውልቃት ጋር ከሆነ ግን ይላኩ፤ ጥናቱ እነሱን አላካተተም።

በመግቢያው ላይ አንዳንድ ደብተር ተሰጥቷችኋል። የማስታወሻ ደብተር መስሏችሁ የዛሬውን ንግግር እንዳትጽፉበት። ዓምዶቹ ተሰምረዋል፤ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ሕመሙ የቆየበት ሰዓት፣ በወር ስንት ቀን ማስታገሻ እንደሚወስድ፣ የመጨረሻው ቡና። የትከሻው ገጽ ከኋላ ነው፤ አወዳደቁንና ወጌሻ ቀድሞ አይቶት እንደሆነ ጻፉ። የታካሚ ስም አይጻፍም። ከስድስት ወር በኋላ እንሰበስባለን።

የሻይ ዕረፍቱ 4 ሰዓት ነው ተብሎ ተጽፏል። ብዙዎቻችሁ ሌሊት እንደተነሳችሁ ስለማውቅ ቡናው አሁኑኑ እንዲቀርብ ነግሬያለሁ። ጉባኤው ተከፍቷል።