የሆፕስ አበባን በቤት ውስጥ ስለማድረቅ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በጓሮዬ ያበቀልኩትን፣ ለቢራ ምሬትና መዓዛ የሚሰጠውን የሆፕስ አበባ ለቅሜ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፤ ከደረቀ በኋላ ግን መዓዛው ጠፋ። ምክንያቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ መዓዛው የሚገኘው በአበባው ቅጠሎች ሥር በሚታየው፣ ሉፑሊን በሚባለው ቢጫ ብናኝ ውስጥ ሲሆን፣ ለቢራ ምሬት የሚሰጡት አልፋ አሲዶችም የሚገኙት እዚያው ነው። ቀጥተኛ ብርሃን አሲዶቹን ይጎዳል፤ ሙቀት ደግሞ መዓዛ የሚሰጡትን ተናኝ ዘይቶች ያባርራል። ስለዚህ አበባው በጥላ ሥር፣ በወንፊት ላይ ሳሳ ተደርጎ ተሰጥቶ፣ ከሥር በማራገቢያ አየር እየተነፋበት ቢደርቅ ይሻላል። ሙቀት መጨመር የግድ ከሆነ ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባያልፍ እመርጣለሁ። ትልልቅ አምራቾች እስከ 60 ዲግሪ የሚደርሱት ብዙ ምርት በአንድ ጊዜ ስለሚደርስባቸው ነው፤ የጓሮ ጠማቂን እንዲህ የሚያስቸኩለው ነገር የለም።

ጥያቄ፦ አበባውን ስነካው ቅጠሎቹ ይንኮሻኮሻሉ። ደርቋል ማለት ነው?

መልስ፦ ገና ሊሆን ይችላል። ቅጠሎቹ ስስ በመሆናቸው ቀድመው ይደርቃሉ፤ በአበባው መሃል ያለው ቀጭን ዘንግ ግን እርጥበቱን ይዞ ይቆያል፤ ከታሸገ በኋላም ያንኑ እርጥበት መልሶ ለቅጠሎቹ ስለሚሰጥ ሻጋታ ያስከትላል። አንድ አበባ ወስደው ቅጠሎቹን ይላጡና ዘንጉን ያጥፉት፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፣ ሳይሰበር ከተጣጠፈ ግን ጊዜ ይቀረዋል።

ከሁሉ የበለጠ የማምነው ግን ሚዛንን ነው። ትኩስ ሆፕስ ከክብደቱ ከ75 እስከ 80 በመቶ ያህሉ ውኃ ነው፤ ሲታሸግ ደግሞ እርጥበቱ ከ8 እስከ 10 በመቶ ሊሆን ይገባል። የራስዎን ምርት በትክክል ለማወቅ 20 ግራም ናሙና ለብቻው በኦቭን ውስጥ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ ያድርቁት፤ ይህ ናሙና ለጠመቃ አይሆንም። የቀረው 4 ግራም ከሆነ ደረቁ ክፍል አንድ አምስተኛ ነው ማለት ነው። እንግዲህ ከ500 ግራም ትኩስ አበባ 100 ግራሙ ደረቅ ነውና፣ ሲታሸግ 10 በመቶው ውኃ፣ 90 በመቶው ደረቅ እንዲሆን ይህን ለ0.9 ሲያካፍሉ 111 ግራም ገደማ ይመጣል፤ ወንፊቱ ላይ ያለው እዚያ ሲደርስ ማድረቁን ያቁሙ።

ጥያቄ፦ ያስቀመጥኩት ሆፕስ የቆየ አይብ ይሸታል። ልጠቀምበት?

መልስ፦ ለተለመደ ቢራ አይጠቀሙበት። ሽታው አልፋ አሲዶቹ ከኦክስጅን ጋር ተገናኝተው ሲበላሹ ከሚፈጠረው አይሶቫሌሪክ አሲድ የሚመጣ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ አየሩ በተመጠጠ ከረጢት አሽገው በፍሪዘር ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ የራሴን ሆፕስ ምን ያህል እንደምጨምር በምን አውቃለሁ? ሳይደርቅስ ይሆናል?

መልስ፦ የአልፋ አሲዱ መጠን በላቦራቶሪ ካልተለካ በስተቀር የምሬቱ ስሌት ግምት ነው። ስለዚህ መጠኑ የተጻፈበትን የተገዛ ሆፕስ በፍላቱ መጀመሪያ ለምሬት፣ የራስዎን ደግሞ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ለመዓዛ ይጨምሩ። ትኩሱንም መጠቀም ይቻላል፤ ነገር ግን በተለቀመበት ዕለት፣ ከደረቁ አራት ወይም አምስት እጥፍ በሚሆን ክብደት ይሁን። ከጠመቃ በኋላ የሚቀረውን አተላ ውሻ በሚደርስበት ቦታ አይድፉ፤ ሆፕስ የውሻን የሰውነት ሙቀት በአደገኛ ሁኔታ ከፍ አድርጎ ሊገድል ይችላል።