የጥቁር ድንጋዩ አገር

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ስለ ሱወይዳ ላውራችሁ። ደቡብ ሶሪያ፣ ከዮርዳኖስ ድንበር ላይ ያለ ክፍለ ሀገር ነው። ስፋቱ 5,550 ካሬ ኪሎ ሜትር ግድም ነው። አብዛኛው ነዋሪ ድሩዝ የሆነበት የሶሪያ ክፍለ ሀገር እሱ ብቻ ነው። ድሩዞች የራሳቸው የተለየ ሃይማኖት ያላቸው ዐረብኛ ተናጋሪዎች ናቸው። ጥቂት ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖችና ሱኒ በደዊኖችም (ከዘላን ጎሳዎች የመጡ ዐረቦች) አሉበት።

አገሩ ተራራማ ነው፤ ተራራው ከፍ ቢል 1,800 ሜትር ነው። አዲስ አበባ እንኳ ትበልጠዋለች! ግን ዙሪያው ሜዳና በረሃ ስለሆነ እዚያ ላይ በረዶ ይጥላል፣ ወይንና ፖም ይበቅላል።

እኔን የሚገርመኝ ድንጋዩ ነው። ምድሩ የድሮ እሳተ ገሞራ ስለሆነ ድንጋዩ ሁሉ ጥቁር ነው። እንጨት እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ የጥንት ሰዎች ጣሪያውንም በሩንም ከድንጋይ ጠርበው ሠሩት። አዎ፣ በሩንም! ድሩዞች በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና ከዚያም ወዲህ ከሊባኖስ ተራራ እየተሰደዱ ሲመጡ ብዙዎቹ መንደሮች ባዶ ነበሩ። ከሮማውያን ዘመን የቆሙትን ቤቶች ጠጋግነው ገቡባቸው። በስተሰሜን ምዕራብ ደግሞ ለጃ የሚባል ስንጥቅጥቅ ያለ የድንጋይ ምድር አለ። ጦር ይዞ ለሚገባ ሰው መከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1838 ያኔ ሶሪያን በያዘው በግብጹ ጦር አዛዥ በኢብራሂም ፓሻ ላይ ያመፁት ድሩዞች የመሸጉት እዚያ ነው። በ1925 የድሩዞቹ መሪ ሱልጣን አል አጥራሽ ያኔ ሶሪያን ትገዛ በነበረችው በፈረንሳይ ላይ የተነሳውም ከዚሁ ተራራ ነው።

ሊባኖስ፣ ሹፍ ውስጥ ድሩዝ ቤት ስሠራ ቴታ፣ የማዳም እናት፣ ሁሌ ስለነዚህ ዘመዶቿ ታወራ ነበር። ነጭ ነጠላዋን ተከናንባ ማቴ ትጠጣለች። ማቴ የደቡብ አሜሪካ ቅጠል ነው። ቅጠሉ ላይ ሙቅ ውሃ ታፈስና በብረት መምጠጫ ትመጠዋለች። ከዚያ የመምጠጫውን አፍ በሎሚ ልጣጭ ጠርጋ ለጎረቤቷ ታቀብላለች። ይህን ልማድ ይዘው የመጡት አርጀንቲና ሠርተው የተመለሱ ስደተኞች ናቸው። የሱወይዳ ሰው ደግሞ ወደ ቬንዝዌላ ብዙ ስለሄደ ከተማዋን ትንሿ ቬንዝዌላ ይሏታል።

ወደ ሕዝብ ብዛቱ ስመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ቆጠራ 313 ሺህ ገደማ ሰው ነበር። ከዚያ የሶሪያ የእርስ በርስ ጦርነት መጣ። በሐምሌ 2025 በድሩዝና በበደዊን ታጣቂዎች መካከል ግጭት ተነሳ፣ የመንግሥት ጦርም ገባበት። ከ1 ሺህ ሰው በላይ አለቀ። ከ150 ሺህ በላይ ተፈናቀለ። ብዙ የበደዊን ቤተሰቦች በአውቶቡስ ተጭነው ወደ ጎረቤቱ ክፍለ ሀገር ወደ ደርዓ ወጡ። አሁን አንድ ሰው "ሱወይዳ 90 በመቶ ድሩዝ ነው" ቢላችሁ "መቼ ተቆጥሮ?" በሉት።