ሦስት አለቃ፣ አንድ ሐሙስ

እንደምን አደራችሁ፣ ውድ የሥራ ባልደረቦቼ።

ከአንድ በላይ አለቃ ያላችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። እንደጠረጠርኩት ነው። እጃቸውን ያላወጡትም አለቆቻቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ይመስለኛል።

ከራሴ ልጀምር። ሥራ በያዝኩ በሁለተኛው ዓመት ሦስት አለቃ ነበረኝ። አንድ ሰኞ ረፋድ ላይ የክፍሌ ኃላፊ ጠሩኝና "የሩብ ዓመቱን ሪፖርት ሐሙስ ጠዋት እፈልገዋለሁ" አሉኝ። እሺ አልኩ። ወንበሬ ላይ ሳልቀመጥ የፕሮጀክቱ አስተባባሪ ደወሉ፤ የበጀት ሰንጠረዡን እሳቸውም ለሐሙስ ጠዋት ነው የሚፈልጉት። እሺ። ከምሳ በፊት ሦስተኛው በሩ ላይ ብቅ አሉና "ትንሽ ነገር ናት፣ አምስት ደቂቃ አትፈጅብህም" አሉ። ይህችንም እሺ። አምስት ደቂቃዋ ግማሽ ቀን በላች።

ሁለት ሌሊት አመሸሁ። ሐሙስ ጠዋት ሁለቱንም አስረከብኩ፤ ሁለቱም የተበላሹ ነበሩ። ሪፖርቱ ላይ የሁለት ወር አኃዝ ተቀያይሯል። የሰንጠረዡ ድምር አይገጥምም። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ አለቆቼ ደረጃው ላይ ተገናኙ፤ እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። "ምን እንዳስቸኮለው እንጃ፣ ሪፖርቱን አበላሽቶብኛል" አሉ ኃላፊዬ። አስተባባሪው ደግሞ "የእኔ እኮ እስከ ሰኞ ቢቆይ ችግር አልነበረውም" አሉ። እኔን ሁለት ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ነገር እዚያው ደረጃ ላይ በሁለት ዓረፍተ ነገር አለቀ።

"እሺ ይበልጣል ከሺ" እየተባልን ነው ያደግነው። አለቃው አንድ ከሆነ ያስኬዳል። ለሦስት አለቃ ሦስት እሺ ስትሉ ግን የማን ሥራ ይቅደም የሚለውን በዝምታ ራሳችሁ ወሰናችሁ ማለት ነው። ውሳኔው የእናንተ አይደለም። ሲበላሽ ግን ተጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ።

ነገሩ የቆየ ነው። ፈረንሳዊው የማዕድን መሐንዲስ ሄንሪ ፋዮል እ.ኤ.አ. በ1916 አንድ ሠራተኛ ትዕዛዝ የሚቀበለው ከአንድ አለቃ ብቻ ይሁን ብሎ ጽፎ ነበር። ከእሱ ቀደም ብሎ አሜሪካዊው ፍሬድሪክ ቴይለር የፋብሪካ ሠራተኛ በ8 አለቆች ይመራ ብሏል፤ አንዱ ፍጥነቱን፣ ሌላው ጥራቱን፣ ሌላው ጥገናውን እየተከታተለ። ስምንት! ማትሪክስ የሚባለው አደረጃጀት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና 60ዎቹ በአሜሪካ የአውሮፕላንና የጠፈር ኢንዱስትሪ ውስጥ አደገ። አንዱ አለቃ ሙያውን ይመራል፣ ሌላው ፕሮጀክቱን። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ አንድ ባለሙያ ለብዙ ፕሮጀክት ይደርሳል። የሚሠራው ግን አለቆቹ እርስ በርስ ሲነጋገሩ ነው። ካልተነጋገሩ ክርክራቸው በሠራተኛው ጭንቅላት ውስጥ፣ ሌሊት ሌሊት ይካሄዳል።

እኔ ያን ሰኞ መጻፍ የነበረብኝ ይህን ነበር፤ ለሁለቱም፣ በአንድ መልእክት፦

"ሁለታችሁም ለሐሙስ ጠዋት ያዘዛችሁኝ ሥራ አለ። ሪፖርቱ ሁለት ቀን ይፈጃል፣ ሰንጠረዡ አንድ ቀን ተኩል። እስከዚያ ያለኝ ሁለት ቀን ተኩል ነው። ሪፖርቱን ሐሙስ ጠዋት፣ ሰንጠረዡን ዓርብ ጠዋት ለማስረከብ አስቤአለሁ። ቅደም ተከተሉ ይቀየር ካላችሁ ዛሬ አሳውቁኝ።"

በቃ። ቅሬታ የለበትም። "እሳቸው እንዲህ ብለውኛል" የሚል ወሬ ማመላለስም የለበትም። ቁጥር አለ፣ ሐሳብ አለ፣ ቀኑም ገና ሰኞ ነው። ረቡዕ ማታ ቢላክ ግን ያው ሰበብ ነው። አንዱን አለቃ ለማሳጣት ለሌላው ግልባጭ ማድረግማ ጭራሽ አይታሰብም። እናት ስትከለክለው አባቱ ጋ እንደሚሮጥ ልጅ በአለቆች መካከል መጫወትም እንደዚያው፤ አንድ ጊዜ ይሠራ ይሆናል።

ከዚህ የሚከብደው ትዕዛዞቹ ራሳቸው ሲጣረሱ ነው። አንዱ "ሳታማክረኝ ለደንበኛው እንዳትደውል" ይላል፣ ሌላው "ዛሬውኑ ደውል"። እዚህ ላይ ቀን ማሸጋሸግ አይረዳም፤ ጥያቄው የሥልጣን ነው። የሥራ አፈጻጸሜን የሚሞላው ማነው? ፈቃዴን የሚፈርመውስ? ወደ እሱ ሄዳችሁ በግልጽ ጠይቁ። ሁለቱን ባንድ ላይ አስቀምጡልኝ ብላችሁ ብትጠይቁም ነውር አይደለም። መልሱን ደግሞ በቃል ብቻ አትተዉት፤ "በተነጋገርነው መሠረት" ብላችሁ ሁለት መስመር ጻፉላቸው። ስንቱ ቀጭን ትዕዛዝ በኋላ "እኔ እንዲያ አላልኩም" ሆኖ እንደሚቀር ታውቃላችሁ።

አለቆች ሆይ፣ እናንተም እዚህ ናችሁ። "አስቸኳይ" ከማለታችሁ በፊት "አሁን በእጅህ ምን አለ?" በሉ። ሠራተኛው የነገራችሁን ስትሰሙ ፊታችሁ ከተቀየረ ግን ሁለተኛ እውነቱን አይነግራችሁም። እኔም አለቃ ከሆንኩ በኋላ ፊቴን ማሠልጠን ጊዜ ፈጅቶብኛል፣ አሁንም አልጨረስኩም።

ይህን ንግግር እንዳዘጋጅ አንዱ አለቃዬ አሥር ደቂቃ ሰጡኝ፣ ሌላዋ ሃያ። በምክሬ መሠረት ለሁለቱም በአንድ መልእክት ጻፍኩ። ተነጋገሩና ስድስት ደቂቃ አደረጉት። አመሰግናለሁ።