ጀርመንኛ ለወሎ ልጅ ምን ይሠራለታል?

መቅደስ፦ እንደምን ሰነበታችሁ ውድ አድማጮቻችን! ዛሬም ከደሴ ነን። ጀርመንኛን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ማጥናት ምን ይጠቅማል የሚለውን ይዘን መጥተናል። ሰይዶ፣ ይሄን ርዕስ እናንሳ ስትል ከርመሃል።

ሰይድ፦ ከርሜያለሁ፣ መቅዲ። እዚህ ጀርመንኛ ሲባል ወሬው ሁሉ ስለ ቪዛ ነው። ከኤ 1 እስከ ሲ 2 ካሉት ስድስት የቋንቋ ደረጃዎች የመጀመሪያውን፣ ኤ 1ን፣ አልፎ መሄድ፣ በቃ። ቋንቋው ግን ለኛ ከዚያ በላይ ቅርባችን ነው። አባ ጎርጎርዮስ እኮ የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው፤ የቤተ አማራ፣ ዛሬ ደቡብ ወሎ የምንለው አገር።

መቅደስ፦ እስኪ ዘርዘር አድርገው፤ ታሪካቸውን የማያውቅ ብዙ ነው።

ሰይድ፦ ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል የኤርፉርት ተወላጅ ግዕዝን ከመጻሕፍት ለቃቅሞ ተማረ። በ1649 ሮም ሲሄድ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ በነበረው የኢትዮጵያውያን ገዳም አባ ጎርጎርዮስን አገኛቸው። በ1652 ደግሞ የጎታው መስፍን ኤርንስት ጋብዟቸው ጀርመን ድረስ ሄዱ። ስለ አገራችን የሚጠየቁትን ሁሉ ቁጭ ብለው አስረዱ። ሉዶልፍ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ያሳተመው ከሳቸው በተማረው አማርኛ ነው።

መቅደስ፦ ወይ ጉድ! አባታችንስ ተመለሱ?

ሰይድ፦ አልተመለሱም። በ1658 መርከብ ሰጥሞባቸው ባሕር ላይ ቀሩ። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴን ይበላኛል። ሉዶልፍ የጻፈው በላቲን ነበር፤ የሱን ፈለግ የተከተሉት ግን በጀርመንኛ ጻፉ። ዲልማን የግዕዝን ሰዋስው በ1857፣ ፕሪቶሪየስ የአማርኛን በ1879 አወጡ። በ1906 አክሱምን ያጠናው የጀርመን ቡድንም ያየውን በጀርመንኛ ነው ያሳተመው። ሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ዛሬም በሉዶልፍ ስም የሚጠራ የኢትዮጵያ ጥናት ማዕከል አለው። የኛ የታሪክና የአማርኛ ተማሪ ይሄን ሁሉ ሌላ ሰው ጨምቆ እስኪሰጠው ለምን ይጠብቃል? በገዛ ዓይኑ ያንብበው እንጂ!

መቅደስ፦ እሱ ልክ ነው። ግን ቪዛውንም አትናቀው። ልጇን ለማስተማር ጥሪቷን ያሟጠጠች እናት ስለ እንጀራ ብትጠይቅ እውነት አላት።

ሰይድ፦ አልናቅሁም፤ ንገሪያቸው።

መቅደስ፦ ጀርመን ውስጥ አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። ባደን ቩርተምበርግ የምትባለው የጀርመን ክልል ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2017 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣውን በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ታስከፍላለች። ነጻ ነው ሲባል ታዲያ እጅን እያወዛወዙ ይኬዳል ማለት አይደለም። ለመኖሪያ የሚበቃ ገንዘብ እንዳለህ ታሳያለህ። በዝግ ሒሳብ፣ ማለትም በየወሩ የተወሰነ ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሒሳብ ከሆነ፣ ከ2024 መስከረም ወዲህ በዓመት 11,904 ዩሮ ነው። እኔ በጣም የሚያሳስበኝ ደግሞ ደላላው ነው። ኤ 1 ይዘህ ዩኒቨርሲቲ ትገባለህ የሚል ካለ አትመኑት። በጀርመንኛ ለሚሰጥ የዲግሪ ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ ሲ 1 አካባቢ ያስፈልጋል፤ ለነርስነት ሥልጠና እንኳ ቢ 1 ወይም ቢ 2 ይጠየቃል።

ሰይድ፦ ትዕግሥቱ ያለው እዚያ ላይ ነው። ለምሳሌ ስሙን ሁሉ ከነጾታው ትይዣለሽ። ጠረጴዛ ወንድ ነው፣ ደር ቲሽ። መብራት ሴት ናት፣ ዲ ላምፐ። መጽሐፍ ደግሞ ከሁለቱም ያልሆነ ሦስተኛ ጾታ ነው፣ ዳስ ቡኽ። ደብተር ላይ ወንዱን በሰማያዊ፣ ሴቷን በቀይ፣ ሦስተኛውን በአረንጓዴ እስክሪብቶ የሚጽፉ ተማሪዎች አሉ። እኔ ይሄን ዘዴ እወደዋለሁ፤ ቃሉ ከነቀለሙ ዓይን ላይ ይቀራል። ግሱ መጨረሻ ላይ የሚመጣበት ዓረፍተ ነገር ደግሞ የእንግሊዝን ልጅ ያስቸግራል፤ የኛ ልጅ ግን ከናቱ ጡት ጋር የጠባው ነው።

መቅደስ፦ ታዲያ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ የሚማረው ሰዋስው ብቻ እንዳይመስላቸው። ሥነ ጽሑፍ አለ፣ ሥነ ልሳን አለ፣ ትርጉም አለ። ፈላስፎቹ ካንትና ሄግል፣ ማርክስም የጻፉት በዚሁ ቋንቋ ነው። የኔ ምክር ግን፣ ቋንቋውን ብቻውን አትያዙት። ከቱሪዝም፣ ከምህንድስና፣ ከጤና ጋር አጣምሩት።

ሰይድ፦ የላሊበላን አስጎብኚ አስቢው። እንግሊዝኛ ብዙው ይችላል። ከጀርመን፣ ከኦስትሪያ፣ ከስዊዘርላንድ የመጣ ሽማግሌ ግን ቤተ ጊዮርጊስ ከአንድ አለት ወጥ ሆኖ ከላይ ወደ ታች እንደተፈለፈለ በገዛ ቋንቋው ሲነገረው ጥያቄው አያልቅም። ያ እንግዳ አገሩ ገብቶ የሚጠራው የዚያን ልጅ ስም ነው።

መቅደስ፦ ደሴ ተቀምጦ መጀመርስ ይቻላል?

ሰይድ፦ በደንብ! ከ1965 ጀምሮ በአማርኛ የምንሰማው የጀርመን ድምፅ፣ ዶይቸ ቬለ፣ በኢንተርኔት በነጻ ጀርመንኛ ያስተምራል። ከ ኤ 1 ተነስቶ ቢ 1 ድረስ የሚያደርስ ትምህርት አለው። ለፈተናው አዲስ አበባ፣ ጎተ ኢንስቲትዩት ትወርጃለሽ።

መቅደስ፦ በነጻ የሚሰጠው ግን ስህተትሽን የሚያርምልሽ መምህር የለውም። ለዚህ ነው እኔ ዩኒቨርሲቲውን አጥብቄ የምይዘው። እናንተ አሁን ግቢ ያላችሁ ልጆች፣ ትምህርት ክፍላችሁን ጠይቁ። ጀርመንኛ በምርጫ ኮርስነት ይሰጠን በሉ፤ ተፈራርማችሁ አመልክቱ።

ሰይድ፦ የታሪክና የቱሪዝም ተማሪዎች ይቅደሙ!