አፋር ምድር ላይ አጥንት ብታገኙ ምን ታደርጋላችሁ?

[ምስል፦ የብሔራዊ ሙዚየም መግቢያ፣ አምስት ኪሎ]

ሰላም ውድ ተመልካቾች፤ እንኳን ወደ ቻናላችን በደኅና መጣችሁ። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ በረሃ ነው። ስለ በረሃ የምንነጋገረው ግን ከመሐል አዲስ አበባ፣ ከአምስት ኪሎ ሆነን ነው፤ ምክንያቱም ከአፋር በረሃ የወጡት የቀደምት የሰው ዘር ቅሪተ አካሎች የሚጠበቁትም የሚጠኑትም ከጀርባዬ በምታዩት ግቢ ውስጥ ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ በታክሲ ሽቅብ የምትወጡ ሁሉ በየቀኑ በአጠገባቸው ታልፋላችሁ።

ባለፈው ቪዲዮ ሥር አንድ ተመልካች የጻፉት ጥያቄ የዛሬውን ርእስ ሰጥቶኛል። «ወደ ሠመራ ስጓዝ ከመንገድ ዳር አጥንት የሚመስል ድንጋይ ባገኝና አንሥቼ ለሙዚየሙ ባስረክብ፣ ሳይንስን ረዳሁ ማለት አይደለምን?» ይላሉ። መልሱ አጭር ነው፦ አይደለም፤ አያንሡት። ምክንያቱ ግን ረዘም ይላል፤ ስለዚህ ቡናችሁን ይዛችሁ ተከተሉኝ።

በመጀመሪያ ስለ መሬቱ። ከተማ ያለን ሰዎች አፋርን በአውሮፕላን መስኮት ወይም በስልካችን ስናየው ባለቤት የሌለው ምድረ በዳ ይመስለናል። ሕጉ የሚለው ሌላ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ይደነግጋል፤ በዚያው አንቀጽ ደግሞ አርብቶ አደሮች ለግጦሽም ሆነ ለእርሻ የሚጠቀሙበት መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ይገልጻል። እንግዲህ ያ ባዶ የመሰለን ሜዳ የእኔም፣ የእናንተም፣ ግመሎቹን ነድቶ የሚያልፍበት የአፋር አርብቶ አደርም ነው። የእኔና የእናንተ ባለቤትነት ወረቀት ላይ ያለ ሲሆን፣ እሱ ግን መሬቱን በእግሩ ያውቀዋል። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ ያስፈልገናል።

አሁን ወደምወደው ምሳሌ ልግባ። የቻናሉ የቆዩ ተከታታዮች «ደግሞ ምሳሌ ጀመረ» እንደምትሉ አውቃለሁ፤ ታገሡኝ።

በዚህች ከተማ ጉዳይ ለማስፈጸም መሥሪያ ቤት ሄዶ የማያውቅ ተመልካች ያለ አይመስለኝም። ደብዳቤ ይዛችሁ መዝገብ ቤት ትገባላችሁ። በጠረጴዛው ኋላ ያሉት ሴትዮ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ወረቀቱን ያያሉ። መጀመሪያ የሚያዩት የተጻፈውን ጉዳይ አይደለም፤ ቁጥሩን ያያሉ፣ ቀኑን ያያሉ፣ ማኅተሙን ያያሉ። ቁጥርና ቀን ከሌለው፣ ሚኒስትርም ይጻፈው ማንም ይጻፈው፣ «ይህ ደብዳቤ ከየት እንደመጣ አይታወቅም» ብለው ይመልሱላችኋል። ትናደዳላችሁ፤ እኔም ተናድጄ አውቃለሁ። ነገር ግን ሴትዮዋ ልክ ናቸው። ደብዳቤ ትርጉም የሚኖረው በፋይሉ ውስጥ፣ በቦታው ሲቀመጥ ነው፦ ቀደም ብሎ የተጻፈው ከሥሩ፣ ዘግይቶ የተጻፈው ከላዩ፣ አባሪዎቹም አብረውት ሆነው። ከፋይሉ የወጣ ደብዳቤ ምንም ያህል ቢያምር ማን ለማን፣ መቼ፣ ስለ ምን እንደጻፈው ለማወቅ አያስችልም።

የአፋር ምድር እንደዚያ መዝገብ ቤት ነው። ወንዝና ሐይቅ ለሚሊዮኖች ዓመታት ደለል እየደራረቡበት ኖረዋል፤ የታችኛው ንጣፍ አሮጌው፣ የላይኛው አዲሱ ነው። በየመካከሉ እሳተ ገሞራ አመድ ረጭቶበታል፤ ያ አመድ የቀን ማኅተሙ ነው። አብረው የተቀበሩት የድኩላ ጥርሶች፣ የዓሣ አጥንቶችና የዕፀዋት ብናኞች አባሪዎቹ ናቸው፤ ቦታው በዚያን ዘመን ጫካ ይሁን ሣር ሜዳ የሚነግሩን እነሱ ናቸው። የምንፈልጋት አጥንት በዚህ ሁሉ መካከል የተቀመጠች አንዲት ደብዳቤ ናት። ቅን ልብ ያለው መንገደኛ አጥንቷን አንሥቶ፣ በሶፍት ጠቅልሎ፣ በኪሱ ከትቶ አምስት ኪሎ ሲያደርሳት፣ ደብዳቤዋን ከፋይሉ ገንጥሎ ቁጥሩንና ቀኑን መንገድ ላይ ጥሎ ማስረከቡ ነው። ሙዚየሙ ይቀበለዋል፤ ያመሰግነዋልም። አጥንቷ ግን ከዚያ በኋላ ዕድሜዋም ጎረቤቷም አይታወቅም።

የአመዱ ዕድሜ እንዴት ይለካል ለምትሉ፣ መሠረቱን ከትምህርት ቤት ስለምታውቁት በሩጫ ልለፈው። በአመዱ ክሪስታሎች ውስጥ ካለው ፖታሲየም 40 ከፊሉ ቀስ በቀስ አርጎን 40 ወደተባለ ጋዝ ይለወጣል፤ የፖታሲየሙ ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ግማሹ እስኪለወጥ የሚፈጀው ጊዜ፣ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ አመዱ ከቀዘቀዘበት ጊዜ ጀምሮ የተጠራቀመውን አርጎን ለክቶ ዕድሜውን ማስላት ይቻላል። የሚለካው ከአጥንቱ በላይና በታች ያለው አመድ እንጂ አጥንቱ አይደለም። በቃ፤ ቀመሩን የምትፈልጉ ስለ ዕድሜ ልኬት የሠራነውን የቆየ ቪዲዮ ተመልከቱ፤ በዚያው ሰብስክራይብ ማድረጋችሁንም አረጋግጡ፤ ከምታዩን ውስጥ ብዙዎቻችሁ አላደረጋችሁም።

[ምስል፦ የሚሌ አካባቢ የሳተላይት ምስል]

ይህ ሁሉ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ሚሌ ወረዳ፣ ሚሮ ዶራ ወደተባለው ቦታ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 አንድ የአካባቢው የፍየል እረኛ አንድ የላይኛ መንጋጋ አየ። ወደ ከተማ ወስዶ ገበያ አላወጣውም፤ ወሬው በአካባቢው ለሚሠራው የቅሪተ አካል ተመራማሪው የዶክተር ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ ቡድን እንዲደርስ አደረገ። ተመራማሪዎቹ እረኛው ያሳየውን ቦታ ይዘው ዙሪያውን ፈተሹ፤ የቀረውንም የራስ ቅል አገኙ። ሳይንስ ሁልጊዜ ንጹሕ ነጭ ጋወን የሚመስላችሁ ካላችሁ ይህን ስሙ፦ መሬቱ የፍየል በጠጥ የተከማቸበት ስለነበረ፣ ተመራማሪዎቹ በጉልበታቸው ተንበርክከው በጠጡን ከአፈሩ ጋር በወንፊት እየነፉ ነበር የአጥንቱን ስብርባሪ የለቀሙት። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲታተም፣ የራስ ቅሉ 3.8 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው፣ ከድንቅነሽ ዝርያ የቀደመው የአውስትራሎፒቴከስ አናሜንሲስ መሆኑ ተነገረ። 3.8 የሚለውን ቁጥር ያገኘነው ሰውየው ቦታውን ስላሳየ ነው።

«ሕዝቡ ምርምርን ይደግፍ» ሲባል ብዙ ጊዜ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ገንዘብ ማዋጣት ወይም አዳራሽ ተሰብስቦ ማጨብጨብ ነው። በበረሃ ምርምር ግን ዋናው ድጋፍ ዓይን ነው። አብዛኛው ግኝት በጥልቅ ቁፋሮ የሚወጣ አይደለም፤ ዝናብና ነፋስ በየዓመቱ አፈሩን እያጠቡ አጥንቱን ገጽ ላይ ያወጡታል፤ ሰዎች ጎን ለጎን ተሰልፈው መሬት መሬቱን እያዩ ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 እዚያው አፋር ውስጥ ሌዲ ገራሩ በተባለ ቦታ ላይ አምስት ጥርሶች ያሉትን የ2.8 ሚሊዮን ዓመት የመንጋጋ ስባሪ ያየው ያኔ የዶክትሬት ተማሪ የነበረው ቻላቸው ሥዩም ነው፤ ያ ስባሪ የእኛ የራሳችን ወገን፣ የሆሞ፣ እጅግ ቀደምት ከሚባሉት ምስክሮች አንዱ ሆኗል። የሰለጠነ ዓይን በዓመት ለጥቂት ሳምንታት ይሄዳል፤ የእረኛው ዓይን ግን ዓመቱን ሙሉ እዚያው ነው።

አሁን ደግሞ ሳልወድ ከመንገዴ ልወጣ ነው። ያለፈው ቪዲዮ አስተያየት መስጫ በአንድ ጉዳይ ተጥለቅልቋል፦ «ምን ያደርጋል፤ እውነተኛዋ ድንቅነሽ አሜሪካ ናት፤ እዚህ ያለችው ውሸት ናት።» አንዱ ጻፈው፣ ሌላው ደገመው፣ ሦስተኛው አጎቱን ምስክር ጠራ። ሳልመልስ ባልፍ የሚቀጥለውም ቪዲዮ ሥር እንደሚጻፍ ስለማውቅ በዝርዝር እመልሳለሁ።

ድንቅነሽ የተገኘችው አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ሕዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። (ስልሳዎቹ በተረሸኑ ማግሥት መሆኑ ነው፤ አዲስ አበባ በዚያን ቀን የምታወራው ስለ አጥንት አልነበረም።) ከዚያ በኋላ ለጥናት ወደ አሜሪካ በውሰት ሄዳ ተመልሳለች። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ለዐውደ ርእይ ወደ ሂውስተን ሄደች፤ በጊዜው አገር ውስጥም ውጭም ክርክር አስነሥቷል፤ እንዲህ ያለ ስስ አጥንት መጓዝ የለበትም ያሉ ባለሙያዎች ነበሩ፤ እኔም በሐሳባቸው እስማማለሁ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ተመልሳለች። እ.ኤ.አ. በ2025 «ሰላም» ከተባለችው የሕፃን ቅሪተ አካል ጋር ወደ ፕራግ የሄደችውም ለሁለት ወራት ያህል ለሚቆይ ዐውደ ርእይ በውሰት ነው። ሙዚየሙ ምድር ቤት በመስታወት ውስጥ የምታዩት ቅጂ መሆኑ እውነት ነው። ዋናው አጥንት ብርሃንና እርጥበት እንዳይጎዳው፣ እጅም እንዳይበዛበት በካዝና ይቀመጣል፤ በዓለም ላይ ያሉ ብዙ ሙዚየሞች የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው። ቅጂው ማታለያ አይደለም። ለማታለል ቢሆን ኖሮ አስጎብኚው ቅጂ መሆኑን አይነግራችሁም ነበር።

የአሜሪካው ጉዞ ግን አንድ ጥቅም ነበረው። አጥንቶቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ቴክሳስ ውስጥ በሲቲ ስካን ተነሥተዋል። ከዚያ ምስል ተነሥተው ድንቅነሽ ከዛፍ ወድቃ ሞተች የሚል ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጡ አሉ፤ አግኚዋን ዶናልድ ጆሃንሰንን ጨምሮ ሌሎች አልተቀበሉትም። ለእኛ የሚበልጠው የትከሻዋና የጉልበቷ የሦስት አውታር (3D) ፋይሎች ማንም አውርዶ በማተሚያ ሊያወጣቸው እንዲችል በኢንተርኔት መለቀቃቸው ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ወደ በረሃው እንመለስ። ነገሩ በአጥንት ብቻ የሚያልቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 ዳባሁ በተባለው የአፋር እሳተ ገሞራ አካባቢ መሬቱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ላይ ተከፈለ፤ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተራርቋል፤ ይህ የሆነው በቀናት ውስጥ ነው። ከሥር የገባው ቅልጥ ዓለት ያደረገውን የሳተላይት ምስሎች በኋላ አሳዩ፤ አመዱ ሲወጣ በዓይናቸው ያዩትና ለተመራማሪዎቹ የተናገሩት ግን የአካባቢው አርብቶ አደሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ፈንታሌና ዶፈን በተባሉት እሳተ ገሞራዎች አካባቢ የተነሡት የመሬት መንቀጥቀጦች ደግሞ እዚህ አዲስ አበባ፣ በተለይ ፎቅ ላይ በምትኖሩት ዘንድ ተሰምተዋል። «መብራቱ ተወዛወዘ» ብላችሁ ፌስቡክ ላይ ስትጽፉ ሰዓቱንና የምትኖሩበትን ፎቅ አብራችሁ ብትጽፉ፣ መንቀጥቀጡ የቱ ሰፈር ምን ያህል እንደተሰማ ለሚያጠና ሰው ይጠቅማል። በመሣሪያ የሚመዘግቡት ባለሙያዎች አራት ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ናቸው።

የአሜሪካ በረሃ ቪዲዮዎችን የምታዩ ደግሞ ትሞግቱኛላችሁ፤ እዚያ ሰዎች ቅሪተ አካል እየለቀሙ በከረጢት ሲይዙ ታያላችሁና። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የፌዴራል ሕግ በአንዳንድ የሕዝብ መሬቶች ላይ የተለመዱ የዕፀዋትና የጀርባ አጥንት የሌላቸው እንስሳት ቅሪቶችን፣ ለግል ደስታ፣ በመጠኑ መሰብሰብን ይፈቅዳል። የጀርባ አጥንት ያለው እንስሳ ቅሪት ግን እዚያም ያለ ፈቃድ አይነካም። እኛ ጋ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ጽሑፍ ፈቃድ የቅርስ ፍለጋና ጥናት ማካሄድን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ያገኘ ሰውም ሳይነካ ማስታወቅ አለበት።

ስለዚህ ለጠያቂያችን በዝርዝር፦ አያንሡት። አጠገቡ እስክሪብቶ ወይም ሳንቲም አስቀምጠው ፎቶ ያንሡት፤ ከዚያ ወደኋላ ራቅ ብለው ኮረብታው እንዲታይ ደግመው ያንሡ። ስልክዎ የሚያሳየውን የቦታ መለኪያ (ጂፒኤስ) ይጻፉ፤ ቲክቶክ ላይ ግን አይለጥፉት፤ ከእርስዎ ቀድሞ የሚደርስ ነጋዴ አይጠፋም። በአቅራቢያው እረኛ ካለ ሰላም ብለው ያናግሩት፤ ምናልባት ከእርስዎ በፊት ያውቀው ይሆናል። ከዚያም ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም ለቅርስ ባለሥልጣን ያስታውቁ።

የቀረኝ ቅሬታ ነው። ግኝቱ ከአፋር ይወጣል፣ አምስት ኪሎ ይቀመጣል፣ በእንግሊዝኛ መጽሔት ይታተማል፤ ቦታውን ያሳየው ሰው ልጅ ግን ስለ ግኝቱ በራሱ ቋንቋ የሚያነበው ነገር ማግኘቱን እጠራጠራለሁ። ለምርምር ፈቃድ የሚሰጥ አካል ውጤቱ በአፋርኛ፣ በሬዲዮም ጭምር፣ ለአካባቢው እንዲነገር ግዴታ ቢያደርግ የሚከብድ አይመስለኝም። እስከዚያው ግን እኛ አንድ ነገር መጀመር እንችላለን። የድንቅነሽ የጉልበትና የትከሻ ፋይሎች ክፍት መሆናቸውን ነግሬያችኋለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ የሦስት አውታር ማተሚያ ያላችሁ ተመልካቾች፣ በተለይ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች፣ በአስተያየት መስጫው ጻፉልን፤ ቅጂዎቹን አትመን ከአጭር የአፋርኛ ማብራሪያ ጋር ለሚሌና ለአካባቢው ትምህርት ቤቶች እንልካለን። አፋርኛ የምትጽፉም አብራችሁ ጻፉልን፤ ማብራሪያውን ከእናንተ በቀር የሚያዘጋጅልን የለም።