ባህር ማዶ የተወለደው ልጅ ደመወዝ ለምን ያንሳል?

[ምስል፦ ደብረ ማርቆስ፣ ጠዋት፣ የመናኸሪያው ግርግር]

ተራኪ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ከደጀን እስከ ዳንግላ ባህር ማዶ ዘመድ ያለው ቤት ብዙ ነው። ዲቪ ደርሶት አሜሪካ የገባ አለ፤ በሱዳን አድርጎ አውሮፓ የደረሰም አለ። ወላጆቹ እዚያ ጽዳትና ሹፍርና ቢሠሩ ማንም አይገረምም፤ ቋንቋው አዲስ ነው፣ የዚህ አገር ዲግሪም ብዙ አይታይላቸውም። ልጆቹ ግን እዚያው ተወልደው እዚያው ነው የተማሩት። ታዲያ እነሱስ?

በፈረንጆቹ 2025 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት አንድ ትልቅ ጥናት ወጣ። አሜሪካን፣ ካናዳንና ሰባት የአውሮፓ አገሮችን ያካተተ ነው፤ የ13.5 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ታይቶበታል። ስደተኞቹ ራሳቸው ከአገሬው ሰው በአማካይ 17.9 በመቶ ያነሰ ያገኛሉ። በልጆቻቸው ላይ ልዩነቱ ወደ 5.7 በመቶ ይወርዳል።

[ምስል፦ ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን]

«በቃ፣ እየተስተካከለ ነው» ያሰኛል። ቆይ! ይሄ አማካይ ነው፤ የጀርመኑም የፖላንዱም ስደተኛ ልጅ አብሮ ተቆጥሯል። ወላጆቻቸው ከአፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የሄዱት ልጆች ጉዳይ ይከብዳል።

የደመወዝ ልዩነት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አንድ ቢሮ፣ አንድ ሥራ፣ ለአንዱ ቀንሶ የሚከፍል አለቃ ነው። እሱም አለ፤ ግን ትንሽ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩት ብቻ ሲነጻጸሩ የልጆቹ ልዩነት 1.1 በመቶ ሆኖ ተገኘ። የቀረው የሚመጣው ከበሩ ነው። ዳጎስ ያለ ደመወዝ የሚከፍለው ድርጅትና የሥራ መደብ ውስጥ ልጆቹ እንደ ልብ አይገቡም። «ለእኩል ሥራ እኩል ክፍያ» የሚለው ሕግ ደግሞ የሚደርሰው ለተቀጠረ ሰው ነው።

በሩን ምን ይዘጋዋል? አንዱ ዘመድ ነው። ይሄን ለጎጃም ሰው ማስረዳት አያሻም! ክፍት የሥራ ቦታ መኖሩ በሰው በሰው ነው የሚሰማው። ታክሲ የሚነዳ አባት የትልቅ ባንክ ሥራ አስኪያጅ የት ያውቃል?

ሌላው ስም ነው። በ2004 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ቦስተንና ቺካጎ ላሉ ቀጣሪዎች ወደ 5,000 የሚጠጉ የፈጠራ ሲቪዎችን ላከ። ስሞቹ በዕጣ ነው የተደለደሉት። እንደ ኤሚሊና ግሬግ ያለ የነጭ ስም ያላቸው፣ እንደ ላኪሻና ጀማል ያለ የጥቁር አሜሪካዊ ስም ካላቸው 50 በመቶ የበለጠ ተደወለላቸው። ስዊድን ውስጥም ስማቸውን አገርኛ ወደሚመስል የለወጡ ስደተኞች ገቢያቸው ከፍ ማለቱ ታይቷል።

እና ባህር ማዶ ለተወለደው የልጅ ልጃቸው የፈረንጅ ስም ሲወጣለት፣ ሞጣ ያሉት እማማ በስልክ «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ስም ነው? አንማው ብትሉት ምን አለበት?» ብለው ቢቆጡ አይፈረድባቸውም። በወላጆቹም አይፈረድም።

[ምስል፦ የቃለ መጠይቅ ክፍል]

ግን ስም እስከ ቃለ መጠይቁ በር ነው። ከዚያ ወዲያ መልክ ይታያል፤ ቀጣሪው ቢቸናን አያውቅም፣ የሚያየው ጥቁር ወጣት ነው። የስደተኛ ልጆችን ለይቶ ባያይም፣ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ራጅ ቼቲና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ የሠሩት ጥናት እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ወላጆቻቸው እኩል ገቢ ያላቸው፣ አንድ ሰፈር ያደጉ ጥቁርና ነጭ ወንዶች ልጆች ተነጻጸሩ። ከአሜሪካ ሰፈሮች በ99 በመቶው ጥቁሮቹ አድገው ያነሰ ያገኛሉ። በሴቶቹ የግል ገቢ ላይ ግን ልዩነቱ የለም ማለት ይቻላል። ወንዶቹን ለይቶ የሚያገኛቸው ምንድነው? እሱ ራሱን የቻለ ቪዲዮ ይፈልጋል።